በእጅ ጀርባ፣ ሦስት እስኪቆጠር

ጥቅምት 11

ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እትዬስ እንዴት ናት? ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆነው። የዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። በየቀኑ ቁጭ ብዬ «ደህና ነኝ» ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚጻፈው ይጠፋብኛል። ይቅር በለኝ። ስልክ ይቅርብን፣ ደብዳቤ ይሻለናል ያልከው ግን እውነትህን ነው። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ተባብለን እንዘጋለን። ደብዳቤ ላይ ቢያንስ ወረቀቱን ለመሙላት ስንል ሌላ ነገር እናወራለን።

«እህትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ አፌ ይተሳሰራል» ብለሃል። እንዲህ በላቸው፦ እንደ አባታችንና እንደ እኔ የቦይለር ሠራተኛ ናት፣ ቦይለሩ ብቻ ሰማይ ላይ ነው። በየጋላክሲው መሃል ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት አለ። የተቆፈረ ነገር የለም፤ ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ስለሆነ ብርሃን እንኳ አንዴ ከገባ የማይወጣበት ስፍራ ነው። ዙሪያውን የጋለ ጋዝ ከቦታል። ጋዙ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ እየወደቀ ይበልጥ ይግላል፣ እየጋለ ያበራል። እኔ የማሰላው ከዚያ ጋዝ ምን ያህሉ እንደሚገባ ነው። ምድር ቤት ቁምሳጥን የሚያካክሉ ኮምፒውተሮች አሉን። ትዕዛዙን እጽፍላቸዋለሁ፣ ሦስት ሳምንት ያሰላሉ፣ እኔ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ችግሬ ምን መሰለህ፣ የእኔ ጉድጓድ ሆዳም ነው። እኔ እንደማሰላው ያን ሁሉ ከዋጠ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ሊኖረው ይገባል። በቴሌስኮፕ የሚያዩት ሰዎች ግን ድንግዝግዝ ያለ ነገር ነው የሚያዩት። አብዛኛው ጋዝ ሳይገባ ይቀራል ማለት ነው፣ ለምን እንደሚቀር አላውቅም። ሽማግሌው፣ ማለቴ የሥራ ክፍላችን ኃላፊ፣ «ልዩነቱን በሌላ ምክንያት እናስረዳው» አለና ጽሑፉን በሁለታችን ስም ለመጽሔት ልከነዋል። መጋቢት ላይ እዚህ መቆየቴም መሄዴም የሚወሰነው በዚያ ጽሑፍ ነው። ከዚህ ውጭ ሕይወት የለኝም ብልህ አላጋነንኩም።

ደግሞ ደብዳቤህ ላይ አንድ ጠብታ አለ። ደም ነው ቀለም? እጅህን ምን ሆነህ ነው?

ፌንጣ


ኅዳር 2

ይድረስ ለእህቴ ለፌንጣ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ደህና ናት። ቦይለሩም ደህና ነው፤ ሦስታችንም እርጅና ተጫጭኖን ጠዋት ጠዋት እናቃስታለን እንጂ ሌላ የለብንም።

ስለ ጠብታው ጠየቅሽኝ፣ አልዋሽሽም፣ ደም ነው። ቆርቆሮ ቆርጦኝ ኖሯል፣ ያየሁትም ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። ድኗል፣ አታስቢ። ጽሕፈቴ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ከተንጋደደብሽ ደግሞ ጥፋቱ የብዕሩ ነው። የዛሬ ብዕር አይጨበጥም።

ልብስ ማጠቢያ ቤታችን እንዳለ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንሶላ የሚተኩሱት ስድስቱ ሴቶች አሁንም እንፋሎት በቀነሰ ቁጥር ግድግዳውን በማንጠልጠያ ይደበድቡብኛል። አንደኛዋ፣ ያቺ ድምፀ ጎርናናዋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተኝተሃል እንዴ?» ትላለች። ሳልተኛ እንኳ የተኛሁ ይመስለኛል።

ስለ ጋዝሽ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ከገባ ይግባ፣ እሷን ምን አገባት?» አለች። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ እንደ መሃይም ቁጠሪውና አስረጂኝ። ጠዋት ቦይለሩን ሳቀጣጥል ዋናውን ቫልቭ ገና ሳልከፍት ከቫልቩ ወዲያ ያለው ቱቦ መሞቅ ይጀምራል። እንፋሎት አልደረሰውም፤ ብረቱ ለብረቱ እየነገረ ነው። አባባ ትዝ ይልሻል፣ «የማታውቁትን ቱቦ በመዳፍ አትንኩ፣ በእጃችሁ ጀርባ፣ ሦስት እስክትቆጥሩ» እያለ ሁለታችንን እንደ ወታደር ያሰልፈን የነበረው? ሦስት ከመቆጠሩ በፊት ቱቦው ራሱ ይነግርሽ ነበር። ታዲያ የእናንተ ጋዝ ከውስጥ ያን ያህል ከጋለ፣ ከኋላ ያለው ሳይሰማ እንዴት ዝም ብሎ ይመጣል? ምን ብትጠቀልሉት ነው? እኛ ይኸው ቱቦውን በወፍራም ጥጥ ጠቅልለንም ሙቀቱ ያመልጠናል።

ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት። ሥራሽን አክብሪ፣ ምሳሽን ብዪ። ደህና ነኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ጋሼ፣

«ምን ብትጠቀልሉት ነው» የሚለውን ሳነብ ሳቅኩ። ምሳዬንም በላሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈትኩት።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ሌሎቹን ክፍሎች ለየብቻ ልፈትሽ ብዬ ሙቀት ከጋዝ ወደ ጋዝ የሚተላለፍበትን ቁጥር ዜሮ አድርጌዋለሁ። ከጎኑ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ ጽፌያለሁ። እዚህ ማንም በማያነበው በራሳችን ቋንቋ ነው የጻፍኩት። ያኔ አዲስ ስለነበርኩ ማስታወሻዬን ሌሎቹ አይተው እንዳይስቁብኝ ነበር። አራት ሰዎች ያንን ፕሮግራም መርምረዋል፣ አራቱም ያቺን ቃል እንደ ጌጥ አልፈዋታል። እኔም አልፌያታለሁ። በዚያች ዜሮ ነው አራት ዓመት ያሰላሁት።

ለጥያቄህ መልስ ይኸውልህ፦ ምንም አልተጠቀለለም። እኔ ነኝ ሙቀቱን ያፈንኩት።

ቁጥሩን መልሼ አስገብቼ አነስ ያለ ስሌት አስኬድኩ፣ አራት ቀን ፈጀ። ያልከው ነው የሆነው። ጋዙ በጣም ስስ ስለሆነ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ብዙም አይጋጩም፤ አንዷ ሙቀቷን ይዛ ሩቅ ትደርሳለች። ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው የሚሆነውን ገና ሩቅ ያለው ቀድሞ ይሰማዋል። ሲሰማው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲነፋ ይሳሳል፣ አወዳደቁም ይዳከማል። ከዚያ ሁሉ ጋዝ ከአሥር አንድ እጁ ብቻ ገባ። ብርሃኑም ድንግዝግዝ ብሎ ወጣ፣ ልክ እንደሚያዩት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ወይም ልጮህ ይገባ ነበር፣ ከሁለት አንዱ። ምንም አልተሰማኝም። ኮቴን ለብሼ ወደ ቤት ሄድኩ፣ በመንገዴ ሳሙና ገዛሁ። ቤት ስደርስ ሳሙና እንደነበረኝ አየሁ። እንዲህ ነው የሰነበትኩት።

አሁን የማደርገውን አንተ ንገረኝ። ለሽማግሌው ከነገርኩ ጽሑፉ ከመጽሔቱ ይወጣል፣ የእሱም ስም አብሮ ይነሳል፣ መጋቢት ላይ ደግሞ ቦታዬ ይሄዳል። ካልነገርኩ ማንም አያገኘውም። ያቺን ቃል ማንበብ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ።

ሌላም ልጠይቅህ። የላክኸው ወረቀት የታችኛው ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፣ ካውያ እንደቆየበት ሁሉ። ምን ላይ ሆነህ ነው የጻፍከው?

ፌንጣ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ።

ንገሪው። ሌላ ምክር የለኝም። ዛሬ ማንም አያነበውም ያልሽውን ቃል ነገ አንዱ ያገሬ ልጅ መጥቶ ጮክ ብሎ ቢያነበውስ? እሱም ይቅር፣ አንቺ በየቀኑ እያነበብሽው እንዴት ትኖሪያለሽ? ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አባባ ይህን ሲል እኔ አሾፍ ነበር፣ አሁን ጢሜ ሸብቶ ላንቺ እደግመዋለሁ። ይቆጣ፣ ይጩህ፣ ያባርርሽ። የተባረረ ሰው ቢያንስ መሄጃውን ያያል። ፈርተሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አንቺ ከልጅነትሽም ፈሪ አልነበርሽም። ደክሞሽ ነው።

የወረቀቱን ጠርዝ አልሽኝ። ምንም አይደለም፣ ሞኝነት ነው። ጠረጴዛዬን እግሩ ተሰብሮ ለጥገና ወስደውታል። ስለዚህ ዋናው የእንፋሎት ቱቦ ላይ፣ እዚያ ጥጡ የተላጠበት ጋ፣ ወረቀቱን አንጥፌ በእጄ ደግፌ ነው የጻፍኩልሽ። ከፍታው ለመጻፍ ይመቻል። ሳላስተውለው ጠርዙ ቀላ። ይቺኛዋን ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፋት፣ ንጹሕ ትደርስሻለች።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። ሰሞኑን ምን እንደነካት እንጃ፣ ገላዬን ልታጠብ ስል ውኃውን እኔ ካልቀላቀልኩ አይሆንም ትላለች። በዚህ ዕድሜዬ ጡት እንዳልጣለ ልጅ አደረገችኝ። ዝም ብያት እታጠባለሁ፣ ከሴት ጋር ክርክር ማን አተረፈበት።

ለኃላፊሽ ነግረሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ደህና ነኝ።

ወንድምሽ


ጥር 3

ጋሼ፣

ነገርኩት። ፕሮግራሙን ከፍቼ አሳየሁት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ለጊዜው» አልኩት። «ለስንት ጊዜ?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጻፍን፤ ጽሑፉ ወጥቷል። ቦታዬን መጋቢት ላይ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አዲሱን ስሌት እስክጨርስ ግን በወንበሬ እንድቀመጥ ፈቅዶልኛል፣ ይህንን ለማለት ሁለት ቀን ፈጀበት። ሰላም እንላለን፣ ምሳ ግን አብረን አንበላም።

ለኔ ጉዳይ ይህን ያህል ይበቃል።

ጋሼ፣ የአንድ ቦይለር ሠራተኛ ልጅ እኔም መሆኔን ረስተህ ነው እንዲያ የጻፍክልኝ። ለሌላ ሰው ብትጽፈው ኖሮ «አይ መከረኛ፣ ጠረጴዛ እንኳ የለው» ብሎ ያልፈው ነበር። ዋናውን ቱቦ አውቀዋለሁ። ጥጡ የተላጠበትንም አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ላይ አባባን አልሰማ ብዬ እዚያው ላይ በመዳፌ ነክቼዋለሁ፤ አንድ እንኳ ሳልቆጥር ነው የጮህኩት፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ያቀረብክልኝ አንተ ነበርክ። በዚያ ቱቦ ላይ ሰው እጁን አስደግፎ ደብዳቤ አይጽፍም።

ካውያዬን በቱቦው ሙቀት ልክ አድርጌ እንዳንተው ያለ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ያንን ቀለም እስኪይዝ ድረስ ያንተን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱ እስኪቀላ ድረስ እጅህ የት ነበረ?

ደሙን ያየኸው ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነው፣ ሲቆርጥህ አልተሰማህም። ብዕር አይጨበጥም ብለሃል። ውኃህን የምትቀላቅለው እትዬ ናት። ሁሉንም በራስህ እጅ ጽፈህልኛል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ስልክ ደወልኩ፣ ከማጠቢያው አልተመለስክም ነበር፣ እትዬ አነሳች። «እጁ እንዴት ነው?» አልኳት። «ደህና ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ስለ አንተ ብቻ ቢሆን እለምንህ ነበር፣ አሁን ግን አልለምንህም። ወደ ቦይለሩ የሚገባው የውኃ ቱቦ መቀዝቀዝ አለበት። ከሞቀ ውኃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፣ ቦይለሩ ሊደርቅ ነው፣ ከደረቀ ይፈነዳል፤ አባባ ለሁለታችንም ነግሮናል። ያንን ቱቦ በየጠዋቱ የምትፈትሸው በእጅህ ነው። በየትኛው እጅህ ነው አሁን የምትፈትሸው? ከግድግዳው ወዲያ ስድስት ሴቶች አሉ።

«ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ ሄጄ ተናገርኩ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አንተም ተነሥተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ለማጠቢያው ኃላፊ፣ ከዚያ ለሐኪም። «ደህና ነኝ» የሚል መልስ ከጻፍክልኝ አላነበውም።

እህትህ


የካቲት 14

ይድረስ ለእህቴ ለፌንጣ፣

የምጽፈው በግራ እጄ ነው፣ በትዕግሥት አንብቢው። እንዳልሽውም «ደህና ነኝ» አልልሽም።

ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ ባለቤቴ ናት። «እጅህ የት ነበረ» እስከሚለው አነበበችና አጠፈችው። ከዚያ ነገረችኝ። ዓመት ሙሉ የጋለ ድስት ከእኔ በኩል እያሸሸች፣ ብርጭቆዬን ከመስጠቷ በፊት በጣቷ እየለካች ኖራለች። እኔ ሕመሜን ከእሷ ደበቅኩ እላለሁ፣ እሷ ማወቋን ከእኔ ደብቃለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ» አለች። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ስንኖር ነበር።

በማግስቱ ለኃላፊው ነገርኩት፣ ወዲያው ባለሙያ አስጠሩ። ሰውየው የውኃ መግቢያውን ቱቦ ነካና እጁን ሰብሰብ አደረገ። ሞቋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሞቀ እኔ ልነግራቸው አልቻልኩም። መዝገቡን አመጡ። በየጠዋቱ ቱቦውን ነክቼ በራሴ ጽሕፈት «ቀዝቃዛ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ፣ ገጹ ሞልቶ። ላታልል ብዬ አልነበረም፣ ፌንጣ። ስነካው ለእኔ ቀዝቃዛ ነበር። ባለሙያው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ይፈነዳ ነበር አለ። ቦይለሩ አራት ቀን ቆመ፣ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የተበላሸ ቫልቭ ተቀየረ። ያቺ ድምፀ ጎርናናዋ ሴትዮ በበሩ ቆማ ሰማች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ዞራ ሄደች።

ሐኪሙ ስኳር ነው አለኝ። ነርቭህን ከበላው ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል አለ። በቀኝ እጄ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ከተቃጠሉ በኋላ መግል ይዘው ነበር፣ ሊድኑ አልቻሉም፣ ተቆረጡ። ከተቆረጡ በኋላ ደውለሽ ባለቤቴን «አመመው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻታል፣ እሷ ስላልመለሰችልሽ እኔ ልንገርሽ። አላመመኝም። እነሱ ሲሠሩ እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው መኪና ያጥባል፣ እሱን ሳይ ቆየሁ። ካላመመኝ በምን እንደማዝን አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም በደንብ አላወቅኩትም። ሳሙና ገዝቼ ገባሁ ያልሽኝ የገባኝ ያኔ ነው።

የደበቅኩበትን ምክንያት ልንገርሽና ይብቃኝ። አባባ የሰጠኝ ያንን እጅ ነው። አንቺ ትምህርት ወሰድሽ፣ እኔ እጅ ወሰድኩ። እጄ አይሰማም ካልኩ ምን ቀረኝ ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ፣ ስለ ስድስቱ ሴቶች ግን አንቺም ይቅር ልትዪኝ አትችዪም።

አላባረሩኝም። «ቦይለሩን የሚያውቀው አንተ ነህ፣ የሚነካ ሰው እንጨምርልሃለን» አሉኝ። ማን ተነሣ መሰለሽ? ድምፀ ጎርናናዋ። «የምሞተው እኔ ከሆንኩ የምነካውም እኔ ነኝ» አለች። ጠዋት ጠዋት አብረን እንዞራለን። በእጅሽ ጀርባ፣ ሦስት እስክትቆጥሪ እላታለሁ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ላይ ሳበችው፣ አሁን ሦስት ትደርሳለች። «ምን አለሽ?» እላታለሁ፣ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ካልነገረችኝ አልጽፍም።

ይህንን ሁሉ ለባለቤቴ እየነገርኳት ነበር ትናንት ከሥራ መልስ። ሐኪሙ የቀረውን የእጄን ክፍል ጠብቁት ብሎናል፣ ከቀዘቀዘ ደም አልደረሰውም ማለት ነው፣ ቶሎ ኑ ብሎናል። እኔ ደግሞ መቀዝቀዙን የማውቅበት የለኝም። ነግሬያት ስጨርስ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀኝ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፋሻው በላይ በእጇ ጀርባ ነካችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በአፏ ቆጠረች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ሞቅ ይላል» አለችኝ።

ቤት ውስጥ መዝገብ የለንም። ላንቺ ጻፍኩት።

ወንድምሽ